መብራት የሄደበት ቅዳሴ

ቴሌቪዥኑን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። አባቴ ደብረ ወርቅ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅስና ሲያገለግሉ ኖረው፣ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ መጡ። ስኳርም ነበረባቸው። ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት አንድ እሑድ ሞክረውት ከመንገድ ተመለሱ። ጎረቤቴ እሑድ እሑድ ቅዳሴ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ጣቢያ አለ አለችኝ። በሳምንቱ ስስ ቴሌቪዥን ከነዲሹ አስገባሁ።

መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩበት። «ቅዳሴ በመስኮት ይታያል እንዴ?» አሉኝ። በሁለተኛው እሑድ ግን ሻይ ይዤ ሳሎን ስገባ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። ሻዬን አይተው በዓይናቸው አስወጡኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። ኩሽና ቆሜ ሻዬን እየጠጣሁ ዜማውን አብረው ሲያዜሙ ሰማኋቸው።

ጣጣው ምግቡ ላይ ነበር። ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም ግቡ ብሎ ሳያሰናብት እህል ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ሐኪሙ ደግሞ «የስኳር መርፌውን ከተወጉ በኋላ ሳይበሉ ግማሽ ሰዓት እንዳያልፍ፤ ስኳሩ ከወረደ አእምሮ ይጎዳል» ብሎ አስጠንቅቆኛል። የነፍስ አባታቸው ለታመመ ተፈቅዷል ቢሏቸውም እሺ አላሉም። ስለዚህ እሑድ እሑድ መርፌውን የምወጋቸው ከስንብቱ በኋላ ሆነ።

አንድ እሑድ ቅዳሴው መሐል ላይ መብራት ሄደ። አባቴ ጥቁሩን መስታወት እያዩ እስከ ቀትር ቆሙ። በኋላ ነደደኝ።

«አባ፣ እዚያ እኮ አልቋል። ሕዝቡ ቤቱ ገብቶ፣ በልቶ ተኝቷል።»

«እነሱን አሰናበታቸው» አሉ። «እኔን ማን አሰናበተኝ?»

ግትር ናቸው፤ እኔም የወጣሁት ከማን ሆነና። መብራቱ እስኪመጣ አንዱ ወንበር ላይ እኔ፣ መቋሚያቸው ላይ እሳቸው ተፋጠጥን። እንደ እድል ሆኖ መርፌውን ገና አልወጋኋቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው እሑድ ነው ጉድ ያፈላው። ጠዋት የዕድር ስብሰባ ነበረብኝ። ስም ሲጠራ መቅረት አልወድም፤ ሰው ምን ይለኛል የምል ሴት ነኝ። ቅዳሴው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ሕዝቡ ቆርቦ ጨርሷል። አሁን አሁን ያልቃል ብዬ መርፌውን ወጋኋቸው። ፍርፍሩን ከድኜ አጠገባቸው አስቀመጥሁ።

«አባ፣ እንዳለቀ ይብሉ፣ አደራ።»

«እሺ፣ ሂጂ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከቅዳሴው ሳይነቅሉ።

ዕድሩ አዳራሽ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ሊቀ መንበሩ አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አጠገቤ የተቀመጠችው «እሰይ፣ ዛሬ ገና ተገላገልን» አለች። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እዚህ የሄደ መብራት ቤቴም እንደሄደ አንድ ጊዜ እንኳ ውል አላለኝም። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ወደ ስድስት ሰዓት ስመለስ አባቴ ምንጣፉ ላይ ወድቀዋል። ፍርፍሩ እንደተከደነ ነው። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው፤ ግሉኮስ ሰጧቸው፤ በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። ግን እኔን አላወቁኝም። ሐኪሙ የሚነግረኝን ቀድሜ አውቄዋለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መብራቱን ይራገማል። መብራቱን ምን አድርግ እለዋለሁ? መርፌውን የወጋሁት እኔ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። እሑድ እሑድ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ቅዳሴውን እከፍትላቸዋለሁ። ዜማው ሲጀመር ከንፈራቸውን አያለሁ፤ አይንቀሳቀስም። ማስታወቂያም ሆነ ቅዳሴ ለሳቸው አንድ ነው። ገንፎውን በማንኪያ ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። በዓይናቸው ያስወጡኝ ይሆን፣ እጄን ይገፉት ይሆን እያልሁ እዘገያለሁ። ሕዝቡ እዚያ ቆሞ እየጸለየ፣ ካህኑ ገና እየቀደሰ፣ አባቴ አፋቸውን ይከፍቱልኛል። አጎርሳቸዋለሁ። ይውጣሉ፤ ሌላ ይጠብቃሉ።