የውዱእ ውሃ ያሳደገው ዋንዛ

ኑርሀያት በኮሌጁ መዝገብ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቁልቁል ሐይቁ በሚታይበት ተረተር ላይ በተሠራው በዚያ ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ጠርጋለች። መዝገቡ የማያውቀው፣ ግቢው አረንጓዴ የሆነው በእርሷ እጅ መሆኑን ነው። በየክረምቱ እንግዶች መጥተው ችግኝ ይተክላሉ፤ ፎቶ ተነሥተውም ይሄዳሉ። በበጋ ሊያጠጣ የሚመጣ ግን የለም። መትከል የአንድ ጠዋት ደስታ ነው፤ ማሳደግ የብዙ በጋ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ የሚሽቀዳደመው ወደ ፊተኛው ነው።

ኑርሀያት የኋለኛውን ያዘች። ሐይቁ ቅርብ ቢመስልም ዳገቱን ጀሪካን ተሸክሞ መመላለስ ወገብ ይሰብራል። መላው የተገኘው ከሴቶች ማደሪያ ጀርባ ካለው የቧንቧ መደዳ ነበር። ሙስሊም ተማሪዎች ለየሶላቱ እዚያ ውዱእ ያደርጋሉ፤ እጅና ፊት፣ እግርም የታጠበበት ውሃ በቀን አምስት ጊዜ በከንቱ ይፈስሳል። ኑርሀያት ቦይ ቀደደችለት። ልብስ አጣቢዎቹን ደግሞ ወደ ታችኞቹ ቧንቧዎች አባረረች፤ ሳሙና የነካው ውሃ ለችግኝ አይሆንም ብላ።

«ያንቺስ ተንኮል!» ትላት ነበር የሥራ ጓደኛዋ ሀውራ። «ልጆቹ ለጀነት ሲታጠቡ አንቺ እጣቢያቸውን ትሰርቂያለሽ።»

«እጣቢ አትበይው። የሰው ወንጀል አጥቦ የወረደ ውሃ ነው።»

«ወላሂ ጉድ ነው! ታዲያ ዛፎችሽ ወንጀለኛ ሆነው ሊበቅሉ ነው?»

ሁለቱም ይሥቁ ነበር። በቦዩ ጫፍ ስለቆመው ዋንዛ ሲነሣ ግን ኑርሀያት አትሥቅም። ምክንያቱን ለሀውራም ነግራት አታውቅም።

የመጨረሻ ልጇ ሙጂባ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ታመመች፤ እዚያው ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ወደ ሐይቅ የመጣው አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። አስከሬኗን ያየ ዘመድ የለም፤ አጠገቡ ቆመው ዱዓ የሚያደርጉበት መቃብርም እዚህ የለም። ለቀስተኛው ሲበተን ኑርሀያት ወደ ሰፈሯ ሸኽ ሄዳ ለልጇ ምን ሊደርሳት እንደሚችል ጠየቀች።

«ዛፍ ትከዪላት» አሏት ሸኹ። «ወፍ ከፍሬው በበላ፣ ሰው ከጥላው ባረፈ ቁጥር አጅሩ፣ ምንዳው፣ ይደርሳታል። ግን ሰደቃ ነውና ቀኝሽ የሰጠውን ግራሽ አይወቅ።»

ዋንዛው የተተከለው በዚያ ሳምንት ነበር። በሰባት ዓመት የማደሪያውን ጣራ አልፎ ወጣ። ነጭ አበባው ንብ ይጠራል። ቢጫው ፍሬ ሲበስል ወፍ ይንጫጫበታል፤ ተማሪዎቹ ይበሉታል፤ በሙጫውም ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ለፈተና የሚያጠኑት ከሥሩ ተቀምጠው ነው። ኑርሀያት መጥረጊያዋን ይዛ ከርቀት ታያለች። አንዲት ልጅ ከጥላው ስትገባ ባየች ቁጥር በልቧ፣ «ደረሰሽ፣ ልጄ» ትላለች።

ዘንድሮ በመጋቢት ኮሌጁ ጀነሬተሩን በሶላር ሊተካ ወሰነ። ሥራውን የያዘው ሳሊሕ፣ እዚያው ግቢ ተምሮ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ የሆነ፣ የጀነሬተሩ ጭስና ናፍጣ እንዲቀር ሦስት ዓመት ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ሰው የሚጎዳው በክፉዎች ብቻ ቢሆን መጠንቀቅ ቀላል በሆነ ነበር። ሶላሩ በሴቶች ማደሪያ ጣራ ላይ እንዲሆን ሲለካ፣ ከቀትር በኋላ የዋንዛው ጥላ ጣራውን እንደሚጋርድ ታየ። ሳሊሕ ዛፍ ከማስቆረጡ በፊት መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ጠየቀም።

«እትዬ ኑርሀያት፣ ይህ ዋንዛ የማን ነው? የተከለው ሰው አለ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሰባት ዓመት የሸሸገችውን ሰደቃ አሁን ብትገልጠው፣ ለልጇ የተጠራቀመው ሁሉ እንደ ጤዛ የሚተን መሰላት።

«የአላህ ነው፣ ልጄ።»

ሳሊሕ ሣቀ። «እሱማ ሁሉም የአላህ ነው። እኔ የምለው፣ ብንቆርጠው የሚከፋው ሰው ካለ ሶላሩን ወደ ምግብ አዳራሹ ጣራ እንወስደዋለን። ሽቦው ይረዝማል እንጂ ይቻላል።»

«እኔ ምን አውቄ። የተማራችሁት እናንተ።»

እዚህ ላይ ለኑርሀያት ጠበቃ መቆም አይገባም። የሰጡትን መሸሸግ ምግባር ነው፤ የሰጡት በመጥረቢያ ፊት ሲቆም ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሸኹ የከለከሏት መመጻደቅን እንጂ መጠበቅን አልነበረም። ሁለቱን አልለየችም። የሳሊሕም ጥያቄ ጥያቄ ከተባለ የቸኮለ ነው፤ በአንዲት ጠራጊ ሴት ትሕትና ውስጥ ያለውን እምቢታ ለመስማት ጥቂት መቆየት ነበረበት፤ አልቆየም።

ሐሙስ ጠዋት ዋንዛው ተቆረጠ። ሀውራ ስትመጣ ኑርሀያት በቧንቧው ዳር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጭኗ ላይ ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ አለ።

«ምነው አንቺ! ዛፍ እኮ ነው፤ ሰው የሞተብሽ አስመሰልሽው።»

«ሰው ነው» አለች ኑርሀያት። ከዚያም ከመጀመሪያው አንሥታ ነገረቻት።

ሀውራ ሰምታ አልጨረሰችም፤ ወደ ሳሊሕ ቢሮ ሮጠች። ሳሊሕ ሲመጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«ብነግርህ ለሰው ወሬ ይሆናል እንጂ ለእርሷ አይደርስም ብዬ።»

«አሁን እኮ ነገሩን።»

«አሁንማ ነገርኳችሁ። ዛፉም የለ፣ ምስጢሩም የለ።»

«በስሟ ሌላ እንትከል። ስሟን በሰሌዳ ጽፌ አቆምላታለሁ» አለ ሳሊሕ።

«ተው። መቃብሯ ላይ እንኳ ስሟን የጻፈላት የለም፤ እዚህ ለጎብኚ አትጻፍብኝ።»

በሁለተኛው ሳምንት ጀነሬተሩ ዝም አለ። ከቧንቧው በላይ አምፖል ተሰቀለ። ሳይነጋ ለሱብሒ ሶላት በስልክ መብራት ሲደናበሩ የነበሩት ልጆች የሚረግጡትን ማየት ቻሉ፤ አንዷም «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን» ስትል ኑርሀያት ሰማች። እውነቷን ነበር፤ ብርሃኑ መልካም ነው።

ውሃው እንደ ወትሮው ቦዩን ተከትሎ ወርዶ በጉቶው ዙሪያ ይጠራቀም ነበር። ኑርሀያት ዶማ አመጣች። የለመደውን መንገድ በአፈር ደፍና፣ ባለፈው ክረምት እንግዶች ተክለው ወደ ተዉአቸው፣ መድረቅ ወደ ጀመሩት ችግኞች ቀደደችው። ውሃው የመጀመሪያውን ሥር ሲነካ፣ ከልማድ የተነሣ «ደረሰሽ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ መጣ። ከእነዚያ ችግኞች መካከል ግን ለሙጂባ የተተከለ አንድም አልነበረም። ቃሉን መልሳ ዋጠችው፤ ውሃው ሁሉንም እስኪያዳርስም ዶማዋን ተደግፋ ቆመች።