ሦስት መስመር የጨመረችው ምራቴ

መጋቢት አሥራ አምስት ቀን ተጻፈ። ጸሐፊው እኔ የልብስ ስፌት ፋብሪካው አዳራሽ ጠባቂ ነኝ፤ ሠራተኛው «መቀርቀሪያ» ይለኛል። ስሙ የወጣልኝ በር ስለምዘጋ ብቻ ሳይሆን በዓይኔ ያላየሁትን ስለማላምን ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም ስለ ምራቴ ካልጻፍሁ ደስታው አያስተኛኝም።

ምራቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። ለዓመታት ከመኪና ሥር ተንበርክካ ጉልበቷ አልቋል፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ መንበርከክ ይብቃሽ» ብሏታል። በፋብሪካው የተከፈተውን የአሠልጣኝነት ቦታ ካላገኘች ሥራ መልቀቋ ነበር።

ለቦታው የሚወዳደሩት ሁለት ነበሩ፤ እርሷና «ከረባት» የምንለው የፈረቃ ኃላፊ። ሁለቱም በስላይድ እያሳዩ እንዲያስተምሩ ታዘዙ። ከረባት በሥዕል ያሸበረቀ ስላይድ አዘጋጀ። ምራቴ ግን በኮምፒውተሯ ላይ ቀለምም ሥዕልም የሌለው ተራ ጽሑፍ ጻፈች። ከየርዕሱ ፊት አንድ ኮከብ፣ ከየንዑስ ርዕሱ ፊት ሁለት ኮከብ አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

«ልጄ፣ ይህ የዕቃ ዝርዝር እንጂ ትምህርት ነው?» አልኋት።

«አባባ፣ ይሄ ገና ጨርቁ ነው። ልብሱን ኮምፒውተሩ ይሰፋዋል።»

አላመንኋትም።

በፈተናው ዕለት ጠዋት የሥልጠና ኃላፊዋ ወደ አዳራሹ መጡና፣ «ሁሉም ስላይድ ከላይ የፋብሪካው ሰማያዊ ጥብጣብ፣ ከታች የገጽ ቁጥር ይኑረው። ከሻይ ዕረፍት በኋላ እንጀምራለን» ብለው ወጡ። ከረባት ላብ አጠመቀው፤ ስላይዶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ መቀባት ጀመረ። አፉ ግን አላረፈም።

«መቀርቀሪያ፣ ለምራትህ ጠመኔ ፈልግላት እንጂ!»

እርሷ ከጽሑፏ አናት ላይ ሁለት የትእዛዝ መስመር፣ አንዱን ለጥብጣቡ፣ አንዱን ለገጽ ቁጥሩ፣ ጨመረችና ቁልፍ ተጫነች። ዓይኔ እያየ ስላይዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ለብሶ ግድግዳው ላይ ወጣ!

«አስቀድመሽ አዘጋጅተሽው ነበር፣ አይደል?»

«ኧረ አባባ! የትኛው ጠንቋይ ነግሮኝ?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህንኑ ስለማውቅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። እንደ ፈራሁትም ሆነ።

«መርፌ ከመቀየራችሁ በፊት... ከዚህ በታች የለም ልጄ! ተቆርጧል!»

ሰማያዊው ጥብጣብ ቦታ ወስዶ የታችኛውን ጽሑፍ ከግድግዳው አስወጥቶታል። የተቆረጠው ደግሞ «መኪናውን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ» የሚለው ነበር፤ ያለ እርሱ ትምህርቱ ጣት ያስበላል። ምራቴ ክው አለች። የኃላፊዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ይሰማል። ምራቴ ወደ ኮምፒውተሯ ጎንበስ አለች።

«ቆይ ቆይ... እስካሁን አዲስ ገጽ የሚጀምረው ባለ አንዱ ኮከብ ብቻ ነው። ባለ ሁለቱም የራሱ ገጽ ይኑረው።»

ሦስተኛውን መስመር ጨመረች፤ ተጫነች። የታጨቀው ሁሉ ተፈታ! እያንዳንዱ ሐሳብ በየገጹ ብቻውን፣ በትልልቅ ፊደል ቆመ። እኔም ሄጄ በሩን ለኃላፊዋ ከፈትሁ።

የከረባት ስላይድ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀረበ። «ነጮቹ ፈረቃ አልገቡም፣ እመቤቴ» ቢል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምራቴ ግን መርፌ አቀያየርን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፊደል ሳይጎድልባት አስተማረች። ኃላፊዋ እዚያው ተነሥተው፣ «ከሰኞ ጀምሮ አሠልጣኛችን አንቺ ነሽ» አሏት። እኔ በሰው ፊት ጮኾ የማያውቀው ሰው፣ «ልጄ ናት!» ብዬ ጮኽሁ። ምራት ማለቱ ጠፋኝ።

ከረባት ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አሁንስ አመንህ?» አለኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ገጹ ሲከፋፈል ቃል ወድቆ እንደሆነስ? ተራውን ጽሑፍና ስላይዱን አሳትሜ፣ ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ በጣቴ እየተከተልሁ ራሴ አመሳከርሁ። ከላይ ከተጨመሩት ሦስት መስመሮች በቀር የተለወጠ የለም፤ አንድም ቃል አልወደቀም።