በሙሉቀን ስም ያጠፋሁት ቀበሌ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ድርጊቱን በሰው ፊት አምኛለሁ፤ ስሠራው ምን እንደተሰማኝ ግን ለማንም አውጥቼ አላውቅም። እናንተ የምታነቡኝ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ኮምፒውተር ሲመጣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ሸሹ፤ እኔ ባሕር ዳር ሄጄ ሠለጠንሁ። የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ስፋትና አዋሳኝ ቀበሌ በቀበሌ ወደ ዳታቤዙ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፓስወርዱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ኃላፊ ቢቀያየር እኔን የሚነካኝ አልነበረም። እኔ ስታመም ቢሮው ይታመማል። በዚህ እኮራ ነበር።

ኋላ አዲስ መዋቅር መጣ፤ ለእኔ ወንበር ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለ። እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። በዚያው ሰሞን ሙሉቀን ተቀጠረ፤ የደምበጫ ልጅ፣ በኮምፒውተር የተመረቀ፣ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ከወንበሩ የሚነሣ። ኃላፊው አዘውኝ በዳታቤዙ የራሱን መግቢያ ስም ከፈትሁለት። በሳምንቱ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ የሺ፣ ዋናውን ፓስወርድ እርስዎ ብቻ ማወቅዎ ጥሩ አይደለም። አንድ ነገር ቢሆኑ ይህ ሁሉ ልፋትዎ ተቆልፎ ይቀራል።»

ልፋትዎ ነበር ያለኝ። እኔ የሰማሁት «ወንበርዎን ይልቀቁ» የሚል ነው። ምን በድሎኝ ነበር? ምንም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ኮምፒውተሩን ሳይቆልፍ ወጣ። እኔን አምኖ ነው። ቁጭ አልሁ። በእሱ ስም፣ በገዛ ጣቶቼ፣ አምበር አጠገብ ያለ የአንድ ቀበሌ ገበሬ በሙሉ ከዳታቤዙ አጠፋሁ። ቅጂውን ጠዋት በሲዲ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እጄ ስቶ አይደለም፤ አስቤበት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከዚያ ቀበሌ አባ ተድላ የሚባሉ አዛውንት ቄስ የይዞታ ደብተራቸውን ሊያሳድሱ መጡ። ሙሉቀን ቢፈልግ ቢፈልግ ስማቸው የለም። መዝገቡ ላይ የሉም አላቸው።

«መሬቱማ አለ፤ ትናንት አርሼዋለሁ» አሉ አባ ተድላ። «የጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ኮምፒውተሩ ያጠፋው ሙሉቀን ነው ብሎ መሰከረ። ኃላፊው ሲጠይቁት ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል አለ። ያላደረገውን አድርጌ ይሆናል ብሎ ራሱን ሲጠራጠር እያየሁት ቦርሳዬን ከፈትሁ። ከዚያ ሲዲዬን አውጥቼ ሁሉንም መለስሁ። ቢሮው አጨበጨበልኝ። እሱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት፣ ኮምፒውተር እንዳይነካ ተብሎ፣ ደጀን መዝገብ ቤት ተዛወረ።

ያልተናገርሁት ይኸውላችሁ፤ ደስ አለኝ። ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበተኝ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና የገበሬውን ስም ስላዳንሁለት አመሰገነኝ። እኔም መረቅሁት። በዚያው አፌ መረቅሁት። የዚያን ለት እራቴን በልቼ በሰላም ተኛሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓመታት አለፉ። ሙሉቀን ግን ደጀን ላይ አልተቀበረም። የመዝገብ ቤቱን ዶሴ መልክ አስያዘ። ቆይቶም ኮምፒውተር ሲፈቀድለት፣ ማን መቼ ምን እንደነካ በዝርዝር የሚመዘግብና በየቀኑ ቅጂ የሚያስቀር አሠራር ዘረጋ። ሥራው ታየለት፤ እኛን እንዲያሠለጥን ደብረ ማርቆስ ጠሩት። አዳራሹ ሞልቷል። ትምህርቱን ከራሱ ታሪክ ጀመረ።

«እኔ ኮምፒውተር ሳልቆልፍ የሄድሁ፣ የአንድ ቀበሌ ገበሬም ያጠፋሁ ሰው ነኝ። እናንተ እንዳትደግሙት።»

የእኔን ኃጢአት እሱ እየተናዘዘልኝ ነበር። እንዴት ልቀመጥ? ተነሣሁ።

«አንተ አላጠፋህም፤ እኔ ነኝ» አልሁት። «ወንበሬን ይወስድብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሙሉቀን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«ቅጂው ሙሉ ነበር እትዬ? አንድም ገበሬ አልጎደለም?»

«አንድም።»

በረዥሙ ተነፈሰ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረ ማስጠንቀቂያው አልነበረም ለካ።

የእምነት ቃሌን ፈርሜ ሰጠሁ። የእሱ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሩ ወጣ፤ እኔ ከደረጃዬ ዝቅ አልሁ፤ እሱ የዳታቤዙ ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ። ፓስወርዱን አስረከብሁት። እሱ ግን ለብቻው አልያዘውም፤ ሦስት ወጣት ሠራተኞች አስመደበና እኔ የድሮውን፣ እሱ አዲሱን እያስተማርን ለሥራው አበቃናቸው።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ስልክ ደወለልኝ። መብረቅ ወድቆ ዋናው ኮምፒውተር ተቃጥሏል፤ እሱ ደግሞ ለሥራ አዲስ አበባ ነበር።

«ልጆቹ ብቻቸውን ከቅጂው ከምሳ በፊት መለሱት፣ እትዬ። አንድም ገበሬ አልጎደለም።»

ያለ እኔ። ያለ እሱም። ስልኩን ዘግቼ ቤቴ መሐል ቆሜ እልል አልሁ። ጎረቤቴ ማን ወለደ ብላ ሮጣ መጣች።

ይህ ድል የሙሉቀን ነው፤ በደሌን ማጠቢያ አላደርገውም። ፍርሃቴን ይቅር ብሎኛል። ያን ጊዜ እሱ ሲዛወር የተሰማኝን ደስታ ግን ዛሬ ከዚህ ያነበዋል። ለፍርሃት ሰበብ አይጠፋም፤ ለዚያ ደስታ ሰበብ የለኝም፣ አልፈልግለትምም።