ሸምሱና ቅቤ የጠጣው ላስቲክ

ሸምሱን ከሆነ የምትጠይቁ እኔን ጠይቁኝ። እኔ ደጅይጥኑ ነኝ፤ በዋግ ምድር መሪ ከጨበጠው ሁሉ እኔን የሚያህል አልተወለደም። የሰቆጣ መንገድ ገና የፍየል መንገድ ሳለ ነው የጭነት መኪና ያወጣሁበት። ፍየል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አንድ ጊዜ ሙክት ከጎኔ ጋቢና ጭኜ ስመጣ መንጃ ፈቃዴን በላብኝ። ኬላ ላይ «ፈቃድህን» ሲሉኝ ሙክቱን አሳየኋቸው። አለፍኩ! የትኛው ሹፌር ነው በሙክት ኬላ ያለፈ?

ወደ ሸምሱ ልመለስ። የጨው ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ አሞሌ በአጋሰስ ሲያመላልሱ እሱ የጭነቱን ጠፍር እያሰረና እየፈታ አደገ። ጠፍር ደግሞ ቆዳ ነው፤ በቅቤ ካላሹት ይደርቅና ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል፣ ጨውም በቅሎም ገደል ይገባል። አባቱ እያሹ እያሹ አንዱን ጠፍር ዕድሜ ልካቸውን ጫኑበት ይባላል። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

አጋሰሱ በመኪና ሲሸነፍ ሸምሱ ብልህ ነውና ቀድሞ ነቃ። ገበያው ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ከእሱ በፊት እኮ ካንዴላ የተቃጠለበት ሹፌር ወልዲያ ድረስ ሰው ይልክ ነበር። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ የሸጠልህ ዕቃ ከከዳህ አምጥተህ ባንኮኒው ላይ ትጥልለታለህ፣ ሳያጉረመርም ይለውጥልሃል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ይስቁበት ነበር። እሱ ግን ሹፌር የሚመለሰው የሚያምነው ቤት ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ ከሌላ ገዝቼ አላውቅም።

ደርግ መጣና ዕቃ ጠፋ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የምነግራችሁ። ሸምሱ የፍሬን ላስቲክ፣ ያቺን ፔዳል ሲረገጥ ሲሊንደር ውስጥ ሆና ፍሬኑን የምትገፋዋን ቀለበት፣ ፍለጋ ደሴ ወረደ። እዚያ አንድ ጅምላ ሻጭ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ የከረመ ላስቲክ አወጣለት። ግማሹ ተሰነጣጥቋል። ሸምሱ ይሄ እኮ ሰው ይገድላል ቢለው፣ ሰውዬው ምን ቢመልስ ጥሩ ነው?

«መኪና ገደል ሲገባ የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው። ላስቲኩን ማን ይጠይቀዋል?»

ሸምሱ የተሰነጠቀውን ጥሎ፣ ደርቋል እንጂ ደህና የሆነውን ለይቶ ገዛ። ቤቱ ሲገባ የአባቱ ጠፍር ትዝ አለው። ከሚስቱ ከሐሊሜ ጋር ቁጭ ብለው ያንን ላስቲክ በቅቤ ሲያሹት ዋሉ። ጥቂቱ ብቻ ሳይታሽ ቀረ። ቆርቆሮ ውስጥ የከተቱት የታሸው እንደ ተቀባ ፀጉር ያብረቀርቃል። እኔ እንኳ፣ ዕቃ በመዳሰስ ብቻ የማውቅ ሰው፣ ይህስ ከአዲስም ይበልጣል አልኩት። ያን ቀንም ገዛሁ፤ መካኒኩ ካሳ ለአራቱም እግር ገጠመልኝ።

በማግስቱ ቅፈላ ነበር። ያን ጊዜ በየመንገዱ ውጊያ ነው፤ አንድ መኪና ብቻውን አይሄድም። ሁሉም ኬላው ላይ ይሰለፍና መቶ አለቃ የሚያዘው ወታደር ከፊት ከኋላ ሆኖ ይቀፈላል። ከሰልፉ የቀረ ለምን እንደቀረ ያስረዳል። ማስረዳት ደግሞ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጠዋት እኔ ማርና ቆዳዬን ጭኜ፣ ከጭነቱ ላይ ሕዝቡን ሰቅዬ ኬላው ላይ ቆሜያለሁ። ካሳ ለሌላ መኪና ከዚያው ቆርቆሮ የወሰደውን ላስቲክ ይዞ ሸምሱ ሱቅ ገባ። ይህን ካሳም ሐሊሜም ነግረውኛል፤ እዚያ እንደነበርኩ ቁጠሩት። ላስቲኩ ሲሊንደሩ ውስጥ አልገባም ብሏል። ካልታሸው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። ቅቤ የጠጣው እንደ ጠገበ መዥገር አብጧል።

ካሳ ነገሩን አስረዳው። እንዲህ ያለ ላስቲክ ፍሬኑን ይይዝና አይለቅም፤ እየፋጀ እየፋጀ ሄዶ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይዝም።

ሸምሱ ተነሳ። ሐሊሜ በሩ ላይ ቆመችበት። ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት አንድ ስኳር ነጋዴ አሻጥረኛ ተብሎ ተወስዶ እስከዛሬ አልተመለሰም።

«የሰላሕ አባት፣ ለመቶ አለቃው እንዳትናገር። ለደጅይጥኑ በጆሮው ንገረውና ተመለስ።»

ካሳም ቢሆን ዝም እንዲል መከረው። ማንም አላየ፤ ገደል ከገባም የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው አለው። ሹፌሩ ማለት እኔ ነኝ እንግዲህ! ሸምሱ የደሴው ሰውዬ ቃል ከካሳ አፍ ሲወጣ ሲሰማ ሐሊሜን በእጁ ገለል አድርጎ ወጣ።

እየሮጠ መጣ፤ ነጠላ ጫማው አንዱ ወልቋል። ወደ መስኮቴ ተንጠራርቶ ነገረኝ። እኔም ፔዳሉን ረግጬ አየሁ፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ጠንካራ ፍሬን መልካም ነው አልኩት። ደግሞስ እኔ መኪና በማርሽ ነው የምነዳ፤ ፍሬን የምይዘው ለጌጥ ነው።

«አንተ ባትፈልገው፣» አለኝ፣ «ላይ የተቀመጡት ይፈልጉታል።»

ፊሽካው ተነፋ። የፊተኛው መኪና ተንቀሳቀሰ። ሞተር አስነሳሁ። ሸምሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሄዶ ከፊት ጎማዬ ስር ተቀመጠ። እንደ ገበያተኛ፣ እግሩን አጣጥፎ።

መቶ አለቃው መጣ። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሸምሱ ፍሬኑ ብልሹ መሆኑን ነገረው። ማን አለ ብሎ ጠየቀ። ሸምሱ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ እንግዲህ ሞተር ሲሠራ አላወራም፤ ልማዴ ነው።

«የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ መቶ አለቃ፣» አለ። «ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። በዚህ በእጄ፣ በቅቤ አሽቼ።»

«ለቅፈላ መኪና ብልሹ ፍሬን ሸጥክ?» የመቶ አለቃው እጅ ሽጉጡ ላይ አረፈ። «ይሄ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹን ያውርዱልኝ፤ ስሙን ከዚያ ያወጡለታል።»

መቶ አለቃው አላመነውም። ቅፈላውን ለማስቀረት ማን እንደላከው ጠየቀው። ሁለት ወታደሮች ብብቱን ይዘው አነሱት። እኔ ማርሽ አስገባሁ። በዚህ መሀል ከኋላ የቆመ አንድ ወታደር፣ ገና ቁርስ ያልበላ መሆን አለበት፣ ቅቤ የሚያነጥረው ማነው አለ።

ሸተተን። እኔም ቀድሞ ሸቶኝ ነበር፤ ጎረቤት ነው ብዬ ነው እንጂ። መቶ አለቃው እያሸተተ ዞረና ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዬን ታምቡር፣ ያን ፍሬኑ የሚይዘውን ብረት፣ በጣቱ ነካ። ጣቱን መንጭቆ አፉ ውስጥ ከተተ። ከካሳ ጋራዥ እስከ ኬላው ድረስ እኮ ሜዳ ነው! በዚያ ብርድ፣ ፍሬን ሳልይዝ፣ ብረቱ እንደ ምጣድ ግሏል።

«አውርዷቸው፣» አለ።

ሕዝቡ ወርዶ ሌላ መኪና ላይ ተጫነ። ቅፈላው ሄደ። የእኔ መኪና ቆመ፤ ሸምሱም ተወሰደ። ሲወስዱት ተከትላው የደረሰችውን ሐሊሜን ያንን ቆርቆሮ እንዳለ እንድታቃጥለው ብቻ አደራ አላት።

ክረምት ወጥቶ ሌላ ክረምት እስኪገባ ታሰረ። ሲመረምሩት ሁሉን በደሴው ሰውዬ ላይ ማላከክ ይችል ነበር። ድርቁን የሸጠልኝ እሱ ነው፣ ቅቤው ግን የእኔ ነው ብሎ ከዚያች ቃል ፈቀቅ አላለም። ያስፈታው ያቺ የመቶ አለቃው የተቃጠለች ጣት ናት ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያስፈታው የእኔ ምስክርነት ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል፣ ሦስቴም አፋቸውን አስይዣቸዋለሁ።

ሲወጣ ከተማው ሸምሱ ቅቤው የሚል ስም አውጥቶ ጠበቀው። ሱቁን ከፈተ። ሹፌሩ ሁሉ ተመለሰለት፤ ለመሳቅም ቢሆን መጀመሪያ፣ ኋላ ግን ለመግዛት። ቅፈላ በሆነ ጠዋት ግን ሱቁን አይከፍትም። ኬላው ላይ ይመጣና ከመኪና መኪና እየዞረ፣ በየጎማው ስር እየተቀመጠ ታምቡሩን በመዳፉ ይዳስሳል፤ መዳፉን ያሸታል፤ ይነሳል። ወታደሮቹ «ሸምሱ፣ ቁርስ ደረሰ?» ይሉታል። አይስቅም፣ አይቆጣም።

አንድ ቀን ከእኔ ዘንድ ሲደርስ እኔ እንኳ ፍሬን የምይዘው ለጌጥ መሆኑን አስታወስኩት።

«እንግዲያው ውረድና ጎማው ስር ድንጋይ ታኮ አድርግልኝ፣» አለኝ፣ እጁን ጎማው ላይ እንዳደረገ።

ወረድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን አልወርድም ነበር።