ማንም ሳይነካው የተቀዳ ውሃ

እናቴ በውሃ አትቀልድም። ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ የገንፎ እህል፣ ቅቤና በርበሬ ነበር፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደግሞ ስለ ውሃ ሁለት ሕግ። አንደኛው፣ ውሃ የሚቀዳው ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይነካው ነው። ባደገችበት ገጠር ምንጭ ላይ ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ይቀዳል፤ ያረፈደ ግን ከብት የረገጠውን ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ሕፃን የሚጠጣው ውሃ ይፈላል። መፍላቱ ብቻም አይበቃትም፤ ድስቱ ውስጥ ጎደል እስኪል መንተክተክ አለበት።

የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ ከተደረደሩት የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ጀርባ፣ አንድ ያረጀ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ኪራዩን የቻልነውም ስላረጀ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ያቃስታል፤ ውሃው ግን ኩል የመሰለ ነበር። በርባንክ ወዳለው ቢሮዬ ስመለስ ጡቴ ነጠፈና ልጄ ወደ ጡጦና ወደ ዱቄት ወተት ዞረች። ጠዋት ስነሳ እናቴ ውሃውን ቀድታ፣ አፍልታና አቀዝቅዛ ጨርሳ ትጠብቀኛለች። እኔም ቢሮ ውስጥ «እንደኔ እናት የሚጠነቀቅ የት ይገኛል?» እያልኩ እጎርር ነበር።

ልጄ ዓመት ሲሞላት ለምርመራ ወሰድናት። ጣቷን ወጋ አድርገው ጠብታ ደም ወሰዱ፤ ለሁሉም ሕፃን የሚደረግ ነው አሉን። ከቀናት በኋላ ተደወለልኝ። ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል፤ ያ መርዛማ ብረት። ከክንዷ ደም ተወስዶ እንደገና መታየት አለበት አሉ። የመኪናዬን በር ከፍቼ ተቀመጥኩ። እርሳስ የሕፃን አእምሮ እንደሚጎዳ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን እንደ እናት ማየት ቀረ፤ እንደ መርማሪ ሆንኩ። ስትራመድ ከወደቀች፣ ስጠራት ካልዞረች፣ ትናንት ያለችውን ቃል ዛሬ ካልደገመች፣ እርሳሱ ይሆን እላለሁ።

ለሁለተኛው ምርመራ እናቴም አብራን መጣች። ዶክተሯ ስለ ግድግዳው ቀለም፣ ስለ መጫወቻዎቿ፣ ከአገር ቤት ስለሚመጣው ቅመም ጠየቀችን። ከዚያ «ወተቷን የምትበጠብጡት በምን ውሃ ነው?» አለች። ለእናቴ ተረጎምኩላት፤ ፊቷ በራ። ጥያቄው እሷን የሚመለከት ነበርና ሁለቱንም ሕጎቿን ዘርዝራ ተናገረች፤ እኔም አንዲት ቃል ሳላስቀር በኩራት ተረጎምኩ። ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይነካው። ጎደል እስኪል።

ዶክተሯ መጻፏን አቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በድሮ ሕንጻዎች ቧንቧው የተበየደበት እርሳስ ይኖራል፤ ውሃው ሌሊቱን እዚያ ሲያድር እርሳሱ ይሟሟበታል። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ደግሞ ያ ያደረው ውሃ ነው። ማፍላት ተሕዋሲያንን ይገድላል፣ ብረቱን ግን አያጠፋም። ውሃው በኖ ይሄዳል፣ እርሳሱ ግን ድስቱ ውስጥ በቀረው ውሃ ላይ በርትቶ ይቀራል።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

«ውሃው ይመርመር አለች።»

«ይሄን ሁሉ አውርታ?»

«በቃ እሱን ነው፣ እማዬ።» ሌላውን ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ።

ቶራንስ የሚሠራው ባለቤቴ ማታ ሲመጣ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። «ኦኬ፣ ሶ ዋተሩን ቴስት እናስደርግ። አሁን ፓኒክ አናድርግ» አለኝ፤ እሱ ግን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ውሃ የሚመረምር ላቦራቶሪ መፈለግ ጀመረ። ከእናቴ መደበቄን መንገር ረሳሁ። የታሸገ ውሃ ገዛን፤ ለእሷም ለጊዜው ነው አልናት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ባለቤቴ እናቴን ቀድሞ ማድቤት ገባ። የመጀመሪያውን ውሃ በአንድ ጠርሙስ ቀዳና ለሁለተኛው ቧንቧውን ለቀቀው። ውሃው ወደ ፍሳሹ ሲንዠቀዠቅ እኔና እናቴ ተከታትለን ደረስን።

«ምነው ልጄ! ውሃ ይደፋል እንዴ?» ብላ ልትዘጋው እጇን ሰደደች።

«ይቆዩ እማማ፣ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ነው የሚጎዳት። እሱ እስኪወጣ ነው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ምድጃው ላይ ያለውን ድስቷን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«ማፍላቱስ?»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«በገዛ እጄ» አለች። ድስቱን አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ጠርሙሶቹ ተመርምረው ሲመጡ፣ እርሳሱ ያለው በመጀመሪያው ውስጥ ነበር፤ ከፈሰሰ በኋላ የተቀዳው ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የክንዷ ደም ውጤትም የመጀመሪያውን የደም ምርመራ አረጋገጠ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል። ልጄ ጡጦውን ባየች ቁጥር እየሳቀች እጇን ትዘረጋ እንደነበር ትዝ ሲለኝ፣ ተረቱን የሰማሁበትን ቀን እረግማለሁ።

ከወራት በኋላ ደሟ እንደገና ታየ፤ እርሳሱ ወርዷል። የጎዳት ነገር ይኑር አይኑር ግን አሁን አይታወቅም አለች ዶክተሯ፤ ስታድግ፣ ትምህርት ስትጀምር እየተከታተልን እናያለን። ፍርሃቴ እርሳሱ ሲወርድ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ለካ ገና ዓመታት ቀርተውታል።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እህስ?»

«ወርዷል፣ እማዬ።»

«ጠፋ?»

«ወርዷል።»

ራሷን ነቀነቀች። ልጄ ከእቅፌ ወርዳ፣ ጡጦዋን ከቦርሳው ጎትታ፣ እየተንገዳገደች እንደ ልማዷ ወደ አያቷ ሄደችና ዘረጋችላት። እናቴ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ወደ እናትሽ ሂጂ፣ የኔ ዓለም። እናትሽ ትስጥሽ።»

ልጄ ጡጦዋን እንደዘረጋች ቆመች።