እሳት ያልነካው ቢላዋ

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተነሣሁት የእንሰት ችግኝ ፍለጋ ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ሰውነታችን ራሱ የማይሠራቸው አሚኖ አሲዶች እንዲበዙለት፣ በቤተ ሙከራ የእንሰትን ጂን ለማሻሻል ሦስት ዓመት ለፍተናል። “ለፍተናል” የምለው ከልማድ ነው። አብራኝ የጀመረችው ባልደረባዬ ለትምህርት ውጭ ሄዳ ቀረች፤ አሁን ችግኙን ከማሳድግባቸው ብልቃጦች ጋር የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ወር እነሱም ሻገቱና ዝርያው ከእጄ ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የነበሩት ሰውዬ እስከ ሻሸመኔ ተኝተው፣ ነቅተው ወረዱ። ዲላ ስደርስ ባለባጃጁ የእንግዳ ዋጋ ጠራብኝ፤ የመከራከር አቅም አልነበረኝም። ለእራት ቆጮ በጎመን አዘዝኩ።

“ለስንት ሰው ነው?” አለ አስተናጋጁ።

ጥያቄው ምንም ክፋት የለበትም፤ እኔን ግን ከፋኝ።

ረቡዕ፣ ከይርጋጨፌ በላይ

እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ዳገቱን በሞተር ሳይክል ወጣሁ። ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተጠጋግቶ፣ ከሁለቱ በላይ ትልልቅ ዛፎች ቆመው፣ ቤቶቹ ከውስጥ ጭሳቸው ብቻ ይታያል። መንገድ ላይ አንድ ጓሮ ውስጥ የጠወለገ እንሰት አየሁ። ባለቤቱን አስፈቅጄ ግንዱን ሰነጠቅሁት፤ ቢጫ ፈሳሽ ወጣው። መድኃኒት የሌለው የአጠውልግ በሽታ ነው። ቢላዋዬን በሶፍት ጠርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የምፈልገው ዝርያ ያላቸው እማማ አስቴር ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሞያሌ ናቸው። በሽታው ጓሯቸውን አራቁቶት ከዚያ ዝርያ የቀራቸው አንድ የተቀበረ አሚቾ፣ የእንሰቱ ሥር፣ ነበር፤ ዙሪያውን ችግኝ አብቅሏል።

“ሁለት ትወስጃለሽ። ቆይ እሳት ላምጣ” ብለው ገቡ።

ምሳ ሊያበስሉልኝ መሰለኝ። እሳቸውን ላለማስቸገር ብዬ ቶሎ ቶሎ ቆረጥኩ። የሚነድ እንጨት ይዘው ሲወጡ ባሉበት ቆሙ።

“ቢላዋ የት ነበረች?”

“እታች... የታመመ እንሰት ቆርጬባት ነበር።”

በቤተ ሙከራ በእሳት ሳልተኩስ ቢላዋ የማላነሣ እኔ!

“ልጄ፣ እኛ ቢላዋ ሳይተኮስ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላ አንሄድም። የቀረችን ዘር ይህችው ናት እኮ።”

አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። የቆረጥኳቸውን አርቀው ቀበሩ። አሚቾው ግን ተነክቷልና መጠበቅ ብቻ ቀረን። ማታ ዲላ ተመልሼ፣ ጥፋቴን የምነግረው ሰው ፍለጋ የስልኬን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየሁ። አንድም አጣሁ።

ሐሙስ፣ ወደ ቤት

ባዶ እጄን ገባሁ። ገበታቸው ላይ የጎደለውን ልሞላ ሄጄ የነበረውን አጉድዬ መጣሁ። ከዚህ ወዲያ የማላውቀው ጓሮ ውስጥ ከመቁረጤ በፊት ባለጓሮዋን እጠይቃለሁ፤ ትምህርቴ ይኸው ነው።

ከወራት በኋላ

ከዚያ ጉዞ ወዲህ እሑድ እሑድ ለእማማ አስቴር እደውላለሁ። “ችግኙ ገና አረንጓዴ ነው” ይሉኛል፤ ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ዝናቡ፣ ምን በልቼ እንደዋልኩ እናወራለን። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይሞላናል።

ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ደወሉ።

“ቢጫ ሆነ፣ ልጄ። ሁሉንም ነቅዬ ቀበርኩ።”

አለቀስኩ።

“እንግዲህ ከአሁን በኋላ አትደውይም?” አሉኝ።