አበባ ይዞ የሚመጣው ሰው

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ዛሬም ላምባ ላምባ ይሸቱኛል። እኛ የጊንጪ ልጆች ተረት የምንሰማው ከኦቦ ገመቹ ሱቅ በር ላይ ነበር። ኦቦ ገመቹ ላምባ ቸርቻሪ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ግን በጉልምስናቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፊልም ማሽን ያንቀሳቅሱ ነበር። የማሽኑ ብርሃን አንድ ዓይናቸውን ሲያጠፋው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስለ ቀበሮና ስለ ጦጣ አይነግሩንም። የሚነግሩን ፊልም ነበር።

ፊልሞቹን አይተዋቸዋል እንጂ ሰምተዋቸው አያውቁም። ከማሽኑ ክፍል በትንሽ ቀዳዳ ነበር የሚመለከቱት፤ ማሽኑ እየጮኸ ከአዳራሹ ድምፅ አይገባም፣ ቢገባስ የፈረንጅ ቋንቋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ፈረንጆቹ በእሳቸው አፍ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ በዋቃ ስም ይማማላሉ። ያኔ፣ ፀሐይ በአምቦ በኩል ስታዘቀዝቅና የመጨረሻው አውቶቡስ አቧራውን አልብሶን ሲያልፍ፣ የሚሞቁትን ፍም ወደ እኛ ገፋ ያደርጉና ፋኖሱን ኖራ ከተቀባው ግድግዳ ፊት ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን በብርሃኑ ፊት ያነሳሉ። ግድግዳው ላይ የሰው፣ የድመት፣ የባርኔጣ ጥላ ይመጣል።

ከሁሉም ደጋግመን የምናስነግራቸው የአበባ ያዡን ታሪክ ነበር። አበባ ያዡ መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ሲያዩት ልጅህን ዳርለት ዳርለት የሚያሰኝ ሰው ነው። ሥራው የታመሙ ሀብታሞችን መጠየቅ ነው። አበባ ይዞ ይገባል፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ በማግስቱ ሕመምተኛው ይሞታል፤ ንብረቱም ለእሱ ይቀራል።

«ኦቦ ገመቹ፣ ለታመመ ሰው አበባ ምን ያደርግለታል? ብርቱካን አይወስድም እንዴ?» እንላለን።

«ኢጆሌ፣ ፈረንጅ ሊያድንህ ሲፈልግ ብርቱካን ይወስድልሃል። አበባ ይዞ ከመጣ ግን መቃብርህን እየለካ ነው።»

በጣም የሚያስቀን አንዷ ባልቴት አልሞት ያለችበት ቦታ ነበር። መርዙን በስኒ ይሰጣታል፤ እሷ ደግሞ ጨዋ ናትና እንግዳ ሳይቀምስ አልጠጣም ትላለች። «በሞቴ ይጠጡ!» ይላል ገዳዩ። «ኧረ አንተ ቅደም፣ በሞቴ!» ትላለች ሟቿ። በሞቴ፣ በሞቴ ሲባባሉ ድመቷ ከሥር መጥታ ልሳው ትዘረራለች። እኛም አብረን እንዘረራለን፣ በሳቅ።

ሳቃችን ሲበርድ ኦቦ ገመቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «አሁን አፉን ተዉት። አፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እጁን እዩ።» ግድግዳው ላይ የአንድ እጅ ጥላ ብቻ ይቀራል። አበባ ያዡ ከሟች ሚስት ጋር እያለቀሰ፣ እጁ ግን የሚፈልገውን ዕቃ ቀስ ብሎ ይዳብሳል፤ ወንበሩን፣ ሰዓቱን፣ የቤቱን በር። ጥላው የድመት ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። በመጨረሻ በዚያው እጁ ይታወቅና ይያዛል።

ከእኛ ጋር የላምባ በርሜል ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ የሚስቅ አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ ጓድ ታምራት። ከአዲስ አበባ ተልኮ የእህል ግዢ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ የመጣ፣ በቀበሌውም ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የሁላችንንም ስም ያውቃል። ድግስ ላይ ከወጣቶቹ ማስታጠቢያውን ነጥቆ ሽማግሌዎችን ራሱ ያስታጥባል፤ የታመመ ገበሬ ሲያገኝ ደግፎ አውቶቡስ ላይ ያወጣል። ከተማው ሁሉ «ታምሬ» ይለዋል። እናቴ «እንደሱ ያለ ሰው ከእናት ሆድ አንዴ ነው የሚወጣው» ትል ነበር።

አባቴ መምህር ነበር። ጴንጤ ይሉን ነበር፤ የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ በተራ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ ይጸልዩ ነበር። ቤታችንን አባዬ ነው የሠራው። የበሩ መቃን ከሸነን በኩል ያስመጣው የጥድ እንጨት ነበር፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ እዚያ ያቆመኝና ቁመቴን በቢላ ምልክት ያደርግበታል።

አንድ እሑድ ረፋድ፣ ተራው የእኛ ቤት ሆኖ ሰዎቹ ገና ሳይሰበሰቡ፣ የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው አባዬን ወሰዱት። መጽሐፍ ቅዱሱን ጨምረው ወሰዱ። ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ ቤታችን የደረሰው ታምራት ነበር። ገና ከበሩ እንባው ይወርዳል።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ! ጣቢያ ሄጄ እለምንልሻለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን የሚያሳስበኝ የቀሩት ወንድሞች ናቸው። ሳይያዙ ላስጠንቅቃቸው። እነማን ነበሩ የሚመጡት?»

እናቴ እያለቀሰች በስም በስም ነገረችው። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ እጁን አያለሁ። እጁ መቃኑ ላይ ነበር። ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች ይመለሳል፤ አውራ ጣቱ የቁመቴ ምልክቶች ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቀጥላል።

እንደ ወጣ «እማዬ፣ እጁን አይተሻል?» አልኳት። በጥፊ መታችኝ። «ሰው ሲያለቅስልን እጅ እጁን የሚያይ ልጅ ነው የወለድኩት?»

በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ስማቸውን የጠራቻቸው ሁሉ ተያዙ።

ቤቱ «ሕገ ወጥ ስብሰባ የተደረገበት» ተብሎ ተወሰደ፤ ለማን እንደተሰጠ መናገር አያስፈልግም። ዕቃችንን ያወጣን ቀን ያገዘን ራሱ ታምራት ነው። አልጋውን በአንድ በኩል ይዞ «ቀስ፣ ቀስ፣ እግሩ እንዳይሰበር» ይለኛል። ጎረቤቱም «ባዕድ ከሚገባበት ታምሬ ቢገባበት ይሻላል» ተባባለ። እኛ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየን። አባዬ ከዓመታት በኋላ ሲፈታ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ወደ ማስተማሩም አልተመለሰም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የውጭ አገር የባህል ማዕከል አሮጌ ፊልሞችን ለተማሪ በነፃ ያሳይ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ገባሁ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ አንድ ቆንጆ ሰው አበባ ይዞ ደረጃ ሲወጣ አወቅኩት። ድመቷ ስትዘረር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ እጁን እየጠበቅኩ ነበር።

እጁ አልመጣም። ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጓንት ያጠለቀ ነው። በአንድ እጁ ባርኔጣ፣ በሌላው አበባ ይይዛል፤ ምንም አይዳብስም። ደግሞም አይያዝም። በወረሰው ትልቅ ቤት ተከብሮ ያረጃል፣ ይታመማል፤ በሩ ይንኳኳል፣ አበባ የያዘ እንግዳ ይገባል፣ ፊልሙ ያልቃል።

ያንን እጅ ኦቦ ገመቹ ከየት አመጡት? በዕረፍቴ ጊንጪ ስሄድ ልጠይቃቸው ነበር፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ እሳቸው በክረምቱ ሞተዋል። ከጥያቄው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ምናልባት ያዩት በርሜላቸው ላይ ከሚቀመጠው ሰው ነው፤ ሊነግሩን ፈልገው ነው። ታዲያ ለአባቴ በቀጥታ ሳይነግሩ ለልጅ በተረት መንገር ምን ይሉታል? ምናልባትም በፋኖስ ፊት ከእጅ ሌላ የሚያምር ጥላ ስለሌለ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ሰው ላይ የፈረድኩት በጥላ ነው። ግን እናቴ የጠራቻቸው ስሞችስ? በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ታስሯል ይሉኛል። ይበሉ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ታምራት ታሞ ተኛ፤ በእኛ ቤት ውስጥ።

«የታመመ ይጠየቃል» አለ አባዬ። ብርቱካን ገዛና ኮቱን ለበሰ።

«አባዬ፣ እሱን?»

«በዚህኛው ጆሮዬ አልሰማህም» አለኝ፤ የቆምኩት ግን በደህናው ጆሮው በኩል ነበር።

ታምራት አልጋው ላይ ሸንበቆ መስሏል። እጆቹ ከብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተዋል፤ ምንም አይዳብሱም። «መምህር! እግር ይስጥልኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ልጃችንም ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ አሉ። ኮርተንበታል እኮ!»

«እግዚአብሔር ይማርዎት፣ ቶሎ ይነሡ» አልኩ፤ ለስላሳ በሆነ ድምፅ።

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይለት ጀመር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አልጨፈንኩም፤ ጨፍኜ አላውቅም። አልጋው ራስጌ የተቀመጠችው የታምራት ሚስትም አልጨፈነችም። የምታየው ፊቴን አልነበረም። ዓይኗን ተከትዬ ወደ ጎን ስመለከት፣ እጄ መቃኑ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ አውራ ጣቴ አንዱ የቁመቴ ምልክት ውስጥ ገብቶ ቆሟል።

አባዬ «አሜን» ሲል እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከእነዚያ የላምባ ሽታ ካላቸው ምሽቶች የቀረኝ ይኸው ነው፤ ሰው ሲያጽናናኝ ቃሉን አልሰማም፣ እጁን አያለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ግን የራሴን እጅ ከኪሴ አላወጣም።